የግራውንዱ ገደኛ

እናንተ ጧት ሱቅ ገብታችሁ አንድ እንቁላል ስትገዙ ምን ይሰማችኋል? ምንም አይሰማችሁም። እኔን ግን ላብ ያጠምቀኛል። እንቁላሉን ተቀብዬ ስወጣ ባለሱቁ ከኋላዬ ቆሞ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ሲያማትር ይታወቀኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው ዝር ካላለበት ጥፋቱ የኔ ነው። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እንቁላሉም ሳያውቅ አይቀርም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ብቻ አትቸኩሉብኝ፤ እኔ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ሰፈር የምዞር ሰው ነኝ። በዚያ ላይ በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። የታክሲ ረዳት «ወራጅ አለ?» ሲል የምወርድበት ቦታ ገና ቢሆንም እደነግጣለሁ። ሐኪም «ጨጓራ ነው፣ አትጨነቅ» ያለኝ ጊዜ «ካልጠፋ ቃል ለምን አትጨነቅ አለኝ? የደበቀኝ ነገር ቢኖር ነው» ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ።

ሰፈራችን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ድሮ በየአጥሩ ጥግ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረ። መርፌ በሉ፣ ሻማ በሉ፣ ሳሙና በሉ፣ በነጠላ ጫማ ብቅ ብትሉ ሁሉም አለ። ከዚያ መንገዱ ሰፋ። ሲሰፋ ደግሞ አማረ፤ ዛፍ ተተከለበት፣ መብራት ተደረደረበት፣ የብስክሌት መሄጃ ሳይቀር ወጣለት። ሱቆቹ ግን ተነሡ። እንግዲህ በዚያ ባማረ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን አንድ መርፌ ስንፈልግ ታክሲ እንሳፈራለን። አንድ ቀን ወጥ ጥጄ ለጨው አየር ጤና ደርሼ ስመለስ ወጡ አልነበረም። ድስቱም ቢሆን አለ ለማለት ያስቸግር ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ወልዴ ሰፈራችን መሀል ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሠርተው ሲጨርሱ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጋሽ ወልዴ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መርካቶ ውስጥ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ግራውንዱን፣ ማለት ምድር ቤቱን፣ ለስምንት ትናንሽ ሱቅ ከፋፈሉት። ስምንተኛዋን፣ ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባቧን፣ ባለቤቴ ሰናይት ተከራየች። ሰናይት አሥራ አንድ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች ናት። ሥራዋን ለቀቀች፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ ገዛችበት። ዕቃውን በየቀለሙ ደርድራ ስታበቃ ራቅ ብላ ቆማ አየችው። ልጆቻችን ሲወለዱም እንዲያ ነበር ያየቻቸው።

ሰው ግን አልገባም። «ሱቅ አጣን፣ ሱቅ አጣን» ሲል የከረመ ሰፈር፣ ሱቁ ሲመጣለት በሩቁ ያልፈው ጀመር። ጥፋቱ የመስታወቱ ነው። በመስታወት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ውድ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ከበሩ ሁለተኛዋ ሱቅ ውስጥ እትዬ ብርቄ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸጣሉ። ያ ሽንኩርት መንገድ ዳር በጆንያ ቢዘረገፍ ሰው ይሻማበት ነበር። ከመስታወት ጀርባ፣ መብራት በርቶበት ሲታይ ግን ያስፈራል። ሰው ቆም ብሎ ሽንኩርቱን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ጭቃ የነካውን ጫማውን ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ሄደ። አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ ባለሱቆቹን ሰበሰቡ። በረጅሙ ተነፈሱና «ልጆቼ፣ እኔ አልጨክንባችሁም። ግን አንድ ባንክ ግራውንዱን በሙሉ ስጠን ብሎኛል። እስከ አዲስ ዓመት ሰው ካልገባላችሁ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ባንክ! የዚህ ከተማ ግራውንድ ሁሉ መጨረሻው ባንክ ነው። በኛ ሰፈር ገንዘብ የምናስቀምጥበት ቦታ ሞልቶ ተርፏል፤ ገንዘቡን አውጥተን ዕቃ የምንገዛበት ነው የጠፋው። ሰናይት ያን ዕለት ቤት ገብታ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝና ራት አቀረበች። ያ ሁሉ ክር የት ይገባል? ትታው የወጣችው ሥራ ላይ ሌላ አስተማሪ ተቀጥሯል። ሚስቴ በዚህ ዕድሜዋ ካርቶን ተሸክማ ከደረጃው ሥር ስትወጣ ታየኝ።

ገደኛ የሆንኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ነጋዴ ጧት የመጀመሪያ ደንበኛውን እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ያ ሰው ገደኛ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ገበያ ይቀናል። ገደ ቢስ ከሆነ፣ ወይም ዋጋ ጠይቆ ጥሎ ከሄደ፣ ባለሱቁ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ስለዚህ «በል አስጀምረኝ» ተብሎ ይለመናል፣ ዋጋ ይቀነስለታል፣ ይመረቃል። እኔና ሰናይት ጴንጤዎች ነን። በጌታ እንጂ በገድ አናምንም። ነገሩ እኔን ይመለከተኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ሰኞ ጧት የሰናይትን ሱቅ ወለል ወልውዬላት ወደ ቢሮዬ ልሄድ ስወጣ፣ በሩ አጠገብ የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው ሙሉጌታ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ገና ወጣት ነው፤ በጥር ሊያገባ ቀን ቆርጧል። አንጀቴን በላኝ። ገባሁና አንድ የስልክ መሸፈኛ ገዛሁት። ለኔ ስልክ አይሆንም። ስልኬ ውስጡ ገብቶ ይንሸራተታል፤ ሲደወል ከመሸፈኛው እስካወጣው ድረስ ሰውየው ይዘጋል።

ከሱቁ ወጥቼ ሃያ እርምጃ አልሄድኩም። ከአየር ጤና የመጣ ሚኒባስ ሕንፃው ፊት ለፊት ሲደርስ ሞተሩ ጥፍት አለ። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ያችን ደቂቃ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ወረደ። ተሳፋሪው ከነልጅ ከነዕቃው እየሮጠ ግራውንዱ ውስጥ ገባ። ዝናብ እስኪያባራ የቆመ ሰው ምን ያደርጋል? ዕቃ ያያል። አንዱ ቻርጀር ገዛ፣ አንዷ ኢርፎን ገዛች፣ አንድ ቄንጠኛ ሽማግሌ የስልካቸውን መስታወት አስቀየሩ። ሙሉጌታ በሁለት ወር ያልሸጠውን በአንድ ጧት ሸጠ።

በማግስቱ ከሩቅ ሲያየኝ ሮጦ መጣ። «ጋሼ! እርስዎ እኮ ገደኛ ነዎት!»

«ኧረ ሙሌ፣ ታክሲ ተበላሽቶ ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ታክሲው ለምን እርስዎ ሲገዙ ተበላሸ?»

ያን ጊዜ መልስ ባገኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ወሬው ወደ እትዬ ብርቄ ለመድረስ አንድ ግድግዳ ብቻ ነበረበት። ሮብ ጧት የኮቴን ጫፍ ያዙኝ። «የኔ ጌታ፣ እኔ ምን በደልኩህ? ለዚህ ልጅ ያደረግኸውን ለኔ ለእናትህ ብታደርገው ምን አለ?» አሉኝ። አንድ ራስ ሽንኩርት ገዛሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ረፋዱ ላይ ከላይኛው መንደር አንድ ሰው አረፉ። የዕድሩ ሴቶች ለለቅሶ ቤቱ የሚሆን ሽንኩርት ሲፈልጉ፣ ዝናቡ አየር ጤና አላደርስ ስላላቸው፣ የእትዬ ብርቄን ሽንኩርት ከነጆንያው አነሡት። እትዬ ብርቄ ማታ በእንባ መረቁኝ። እኔ ግን ስለ ሟቹ ተጨነቅሁ። ያን ሽንኩርት ባልገዛ ኖሮ ሰውየው ይሞቱ ነበር? አላውቃቸውም፣ መልካቸውንም አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ለቅሶ ሄድኩ። ከዘመድ አብልጬ ሳለቅስ «የማን ወገን ነው?» እየተባባሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ዳቦ ሻጯ፣ የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጠው፣ የሕፃናት ልብስ የምትሸጠው፣ የሴቶች ጸጉር፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሁሉም ጧት ጧት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሰባቱንም ሳላስጀምር አልወጣም። አንድ ሚስማር። አንድ ላጲስ። አንድ ጡጦ፤ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። አንድ እሽግ ሰው ሠራሽ ጸጉር፤ እኔን ብታዩኝ ለምን እንደማይሆነኝ ይገባችኋል፣ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ መላጣ ነኝ። ሰው የሚበላው ነገር የሚሸጡልኝ ዳቦ ሻጯና እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። ቢሮ ስብሰባ ላይ እስክሪቢቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር መጀመሪያ ጸጉሩ ወጣ። ወዲያው ጡጦው ወደቀና እየተንከባለለ ሄዶ ሥራ አስኪያጁ እግር ሥር ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ጡጦውን አንሥተው እያገላበጡ አዩት። «ቤት ሁሉ ሰላም ነው?» አሉኝ። «ይመስገን» አልኩ። ስብሰባው ቀጠለ።

ጸብም መጣ። ገዱ መጀመሪያ በሚገባበት ሱቅ ላይ ይበረታል፣ ሰባተኛው ሱቅ ሲደርስ ይቀጥናል የሚል ሐሳብ ማን እንዳመጣ እስካሁን አልታወቀም። ብረታ ብረቱና የሕፃናት ልብሷ ሊነጋገሩ አልቻሉም። በመጨረሻ ነገሩ በእቁብ ደንብ ይሁን ተባለና እትዬ ብርቄ ዳኛ ሆኑ። ዕጣ ተጣለ። «የገደኛ ተራ» የሚል ወረቀት ከነስሜ ተጽፎ የሕንፃው ጥበቃ ጠረጴዛ ላይ ተለጠፈ። ደንብም ወጣልኝ፤ በቀኝ እግር መግባት፣ ዋጋ አለመከራከር፣ ሳይከፍሉ ሰላምታ አለመስጠት። እኔ ሳልጠየቅ የተወሰነብኝ ነገር ቢሆንም፣ አሁን ሳስበው አንድም ቀን «እምቢ» አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ልናገር፤ ሰው ሲጠብቀኝ ደስ ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት የቢሮ ሥራዬ በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።

ገበያ የቀዘቀዘ ቀን ግን መከራዬን አያለሁ። ብረታ ብረቱ ሰላምታ ይነሣኛል። ሙሉጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ትናንት ምን በልተው ነበር የተኙት?» ይለኛል። እትዬ ብርቄ «ከሚስትህ ተጣልተሃል፣ ፊትህ ያስታውቃል» ይሉኛል። አልተጣላሁም እላለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሳላውቀው ተጣልቼ ይሆን እያልኩ እዋትታለሁ።

ስምንተኛዋ ሱቅ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የቤት ሰው አያስጀምርም፣ የራስ ሰው እንደ ደንበኛ አይቆጠርም ብለው ደንብ ሲያወጡ ወስነዋል። ሰናይት ደግሞ የምትገባው በጓሮው በር ስለነበር ስለ ዝርዝሩ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ባሏ ጎረቤት ለማበረታታት ዕቃ የሚገዛ ደግ ሰው ነው ብላ ነበር የምታስበው። በሌሎቹ ሱቆች ሰው ብቅ ማለት ሲጀምር ከደረጃው ሥር የሚደርስ የለም። አንድ ቀን አንድ መርፌ ሸጠች። በማግስቱ ገዢዋ መርፌውን መለሰችው። ለሰባት ሰው ተርፌ ለሚስቴ የማልሆን ሰው ሆንኩ። ጳጉሜ እየገባ ነው። አዲስ ዓመት በቀረበ ቁጥር እኔ ክሩን እያየሁ አንድ በአንድ በሐሳቤ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ።

አላምንም ብያችኋለሁ አይደል? አላምንም። ግን ጭንቀት ያልያዘው ሰው ነው እምነቱን አጥርቶ የሚያውቅ። ሐሙስ ጧት ሰናይት እጇን ልትታጠብ ወደ ላይ ፎቅ ስትወጣ ተደብቄ ገባሁ። የቤት ሰው አይቆጠርም የተባለው የሱቁ ባለቤት እያየች ከሆነ ነው፣ ካላየች እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንዲት ነጭ ቁልፍ መረጥኩና ብሩን መሳቢያዋ ውስጥ ልከት እጄን ስሰድ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ወንድም ኤልያስ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። የሱሪያቸው ጫፍ ተተርትሮ ክር ፈልገው ነው የመጡት። እውነተኛ ደንበኛ ማለት ነው! በሳምንቱ የመጀመሪያው!

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ «ይቁሙ! እንዳይገቡ! እኔ ሳልጀምር!» ብዬ ጮህኩ።

ወንድም ኤልያስ አንድ እግራቸው በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ ተከፈተው መሳቢያ ሄደ። «ወንድሜ፣» አሉኝ በቀስታ፣ «ስገባ ጥበቃው ጋ አንድ ወረቀት አነበብኩ። አንተ አይደለህም ብዬ አልፌው ነበር።» ዞር ስል ሰናይት ከደረጃው ላይ ቆማለች፤ ከእጇ ውኃ ይንጠባጠባል። ወንድም ኤልያስ «ጌታ ያስብህ» ብለው ሱሪያቸውን እንደተተረተረ ይዘው ሄዱ። ክሩን አልገዙም።

ሰናይት እስከ ጥበቃው ጠረጴዛ ድረስ ሄዳ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ተመለሰች።

«አንተ» አለችኝ፣ «ሃያ ዓመት በጌታ ቤት ኖረህ ጡጦ እየገዛህ ጠንቋይ ሆንክ?»

«ሰኒ፣ እነሱ ናቸው...»

«የመጣልኝን አንድ ደንበኛ ከደጄ መለስክ። አየሃቸው? ክር ፈልገው መጥተው ነበር።» ድምፅዋ ቅጥን አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አታስጀምርም። ቃልህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ያን ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ለሁሉም ደወሉ። የባንኩ ሰዎች ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ።

ቅዳሜ አዲስ ዓመቱና የትምህርት መክፈቻው ተደራርበው የመጡበት፣ ከተማው ሁሉ ገበያ የወጣበት ቀን ነበር። እኔ ቃሌን ለመጠበቅ ቤት ቀረሁ። ባኞ ቤት ገብቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ሙሉጌታ ነው። እትዬ ብርቄ ናቸው። ብረታ ብረቱ ነው፤ ሰላም ሲነሣኝ የነበረው ሰውዬ አሁን «ወንድምዬ» እያለ መልእክት ይልካል። አላነሣሁም። ያጠብኩትን ልብስ መልሼ አጠብኩት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ጊዜ ደወለና ስሙን አየሁ። ሰናይት ናት።

«ና» አለች።

«ቃል አስገብተሽኝ የለም እንዴ?»

«ለማስጀመር አይደለም። መጥተህ እውነቱን ንገራቸው። ሕንፃው ሰው በሰው ሆኗል፣ አንዳቸውም ገደኛው ካልመጣ አንሸጥም ብለዋል። የኔ ሱቅ ጋ ለመድረስ ደግሞ ማለፊያ የለም። ጋሽ ወልዴ ከባንኮቹ ጋር በር ላይ ደርሰዋል።»

በነጠላ ጫማ፣ የሳሙና አረፋ እስከ ክርኔ እንዳለ፣ በዝናብ ሮጥኩ። ስደርስ ያየሁትን ባላይ ይሻለኝ ነበር። ለበዓል ሽንኩርት የፈለገው፣ ለልጁ ደብተር የፈለገው፣ መርካቶ እንዳይሄድ ታክሲ ያጣው የሰፈር ሰው ሁሉ ግራውንዱ ውስጥ ተጠቅጥቋል። ሰባቱም ባለሱቆች በየበራቸው ቆመው «ገና አልጀመርንም፣ ትንሽ ታገሡን» ይላሉ። ሁለት ወር ሙሉ «ሰው ላክልን» ሲሉ የኖሩ ሰዎች የመጣላቸውን ሰው ብሩን እንደያዘ አቁመውታል!

ከሰዉ መካከል ጋሽ ወልዴ ሁለት ከረባት ካሰሩ ወጣቶች ጋር ቆመዋል። አንደኛው ወጣት ሕዝቡን በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ «ጋሽ ወልዴ፣ ቦታው ግሩም ነው! እንዲህ ሰው የሚገባበት ከሆነ ዛሬውኑ እንፈራረም» ይላል። ሰው ጠፋ ተብሎ ሊወሰድ የነበረ ሱቅ አሁን ሰው በዛ ተብሎ ሊወሰድ ነው። ያስጨነቁኝን ነገሮች ሁሉ ስዘረዝር ይህ አንዱ ብቻ ነበር ያመለጠኝ።

«መጣ! መጣ!» አለ ሙሉጌታ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። መንገድ ተከፈተልኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ለምንድን ነው የማትሸጡት?»

«ገደኛችንን እየጠበቅን ነው ጋሼ» አሉ እትዬ ብርቄ።

ከወዲያ በኩል፣ ከደረጃው ሥር፣ ሰናይት እጇን አጣምራ ቆማለች። በዓይኗ «ንገራቸው» አለችኝ። እውነቱን ብናገር ጋሽ ወልዴ ያፍሩብናል፣ ባንኩ ይፈርማል፣ ክሩ ካርቶን ይገባል። ብዋሽ ደግሞ እሷ እያየችኝ ነው።

«ጋሽ ወልዴ» አልኩ፣ «እኔ ገደኛ አይደለሁም። ታክሲ ተበላሽቶ ነው። ዝናብ ጥሎ ነው። አንድ ሰው ሞተው ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬም የመጣው ሰው በዓል ደርሶበት ነው። እኔ ባልኖርም ይመጣ ነበር። እኔ... ሚስቴ ሱቋን እንዳትዘጋ የፈራሁ ሰው ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም።»

ጋሽ ወልዴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ነጠላ ጫማዬን፣ አረፋዬን። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔን መርካቶ ያስጀመሩኝ አንዲት ሴትዮ ነበሩ» አሉ። «አንድ ሻማ ገዙኝ። ‹እማማ፣ እርስዎ ገደኛ ነዎት› ስላቸው ‹ወግድ፣ እኔ መብራት ጠፍቶብኝ ነው› አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ጉልበታቸውን ስሜ ነበር። በዚህ ሁሉ የንግድ ዘመኔ ‹ገደኛ ነኝ› ያለ ገደኛ አይቼ አላውቅም። ሁሉም እንደሱ ‹አይደለሁም› ነው የሚሉት።» ወደ ባንኮቹ ዞሩ። «ልጆቼ፣ እስከ ፋሲካ እንይ። ገደኛ ያለበት ቤት አይፈርስም።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ገድ ነው ያሉት?» አለ ከረባታሙ ስልኩን እያወረደ።

«እናንተ ኢንሹራንስ ትሉት የለ? እሱ ነው።»

እውነት ተናግሬ አልታመንኩም፣ ውሸት ሳልናገር ዳንኩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ፣ ሙሉጌታ ቻርጀር ይዞ «ጋሼ፣ ይበሉ እንግዲህ» አለ። «ቃል አለብኝ» አልኩት። እንደገና ሁሉም ቆመ። ያን ጊዜ ሰናይት ሰዉን እየገፋች መጣች። ነጠላቸው በዝናብ የራሰ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ነበር፤ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ነጭ ክር ልጄ። የልጅ ልጄ ዩኒፎርም ተቀዶ። ግን አልጀመርንም ይላሉ።»

«እኔ ጀምሬአለሁ። ይግቡ» አለችና ይዛቸው ሄደች። ክሩን አውጥታ ሸጠችላቸው። ያለ ተራ፣ ያለ ዕጣ፣ እንዲያው ሸጠች።

እትዬ ብርቄ «የገደኛው ሚስት ከጀመረችማ ያው ነው!» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ሮጡ፤ ሰባቱም ሱቅ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሰናይት ጭንቅላቷን ይዛ «በኢየሱስ ስም!» ስትል ሰማኋት፤ ግን የሚመልስላት አልነበረም። ደብተር የያዘው፣ ሽንኩርት ያንጠለጠለው ሁሉ ወደ መውጫው ሲሄድ ዞር እያለ ከደረጃው ሥር ያለችውን ሱቅ አየ። ዩኒፎርም ያልተቀደደበት ቤት የለም። ዚፕ የሚፈልግ፣ ቁልፍ የሚፈልግ ተሰለፈ።

እኔ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሜ ነበር። ለምን እንደቆምኩ አትጠይቁኝ፤ የት እንደምሆን ስላላወቅኩ ነው። ሰናይት በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚያ? ደንበኛ ነህ? ና ወደ ውስጥ፣ ሰማያዊውን ዚፕ አውርድልኝ።»

ገባሁ። ቦታው ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ትከሻችን ይነካካል። ላስቲክ እየለካች ነው፣ ግን ሁለት ጊዜ አጣማ ቆረጠች። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል።

«ምነው ሰኒ?»

ቀና ሳትል፣ ደንበኛዋ እንዳትሰማ በሹክሹክታ «ነሐሴን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችኝ። «አንተ እንዳትጨነቅብኝ ነው የተኛሁ የምመስለው።»

እኔም ነሐሴን ሙሉ ነቅቼ፣ እሷ እንዳትሰማኝ ትንፋሼን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ፣ የተኛሁ ስመስል ነበር።

«ሰማያዊው ዚፕ» አለች ደንበኛዋ።

አወረድኩላት።